የእትዬ አስካለ ማረፊያዎች

ደምሴ ሲደውልልኝ ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ደምሴ ድሮ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። እነሱ ሰፈር ሞባይል ከገባ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ እሱም የሚሠራው አንዲት ጉብታ ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ራቤል ከተማ ሲያዞሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ደምሴ ከደወለ ለጨዋታ አይደለም። «እትዬ ጽጌ፣ እትዬ አስካለ አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ።

«ወሳንሳ መጣ?» አልኩት።

ሰው ሞተ ሲባል እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፤ አውቃለሁ። ነፍስ ይማር እንኳ አላልኩም። ወሳንሳ ማለት ሁለት ረጃጅም እንጨት ላይ ጀንዲ ተወጥሮ የታመመ ሰው የሚጫንበት፣ የመንደሩ ወንድ ሁሉ እየተቀባበለ መኪና እስካለበት የሚያደርሰው ነገር ነው። እትዬ አስካለ በሕይወታቸው የፈሩት ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው። በቁማቸው ደግመው ላይጫኑበት ምለው ነበር፤ እኔም ያንን መሐላ አብሬ ስጠብቅ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ደምሴ ሊመልስልኝ ሲል ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብሞክር ብሞክር አይገኝም። ሽንኩርቱን ትቼ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የተገናኘነው አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ እኔ ከማሠልጠኛ ወጥቼ ግሼ ስመደብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። መራመድ የሚባል ነገር ያኔም ጠላቴ ነው፣ ዛሬም ጠላቴ ነው። አንድ ትልቅ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽና አንድ ካርቶን ሙሉ የማይረባ እቃ በአህያ አስጭኜ ዳገቱን ስወጣ ነፍሴ አፍንጫዬ ላይ ደርሳለች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴትዮ ቆመዋል። እቃዬን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ይሄ ሁሉ የምትኖሪበት ነው ወይስ የምትሸከሚው?» አሉኝ። እትዬ አስካለ ማለት እሳቸው ናቸው። የእጅ ሥራና የቤት አያያዝ ያስተምራሉ፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ ለመውጣት ስድስት ዓመት ቀርቷቸዋል። የሚከራይ ሌላ ቤት ስላልነበረ ከሳቸው ጋር አንድ ቤት ተጋራን።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ መጥረጊያው ነው። አገሬው ሁሉ አጎንብሶ ነው የሚጠርገው። እሳቸው ግን መጥረጊያውን ረጅም የባሕር ዛፍ ዘንግ ላይ አስረው፣ ቀጥ ብለው ቆመው ይጠርጋሉ። ጎረቤት ይስቅባቸው ነበር፤ «አስካለ ዛሬም ቤቷን እያረሰች ነው» ይላል። በየቀኑ የሚነካ እቃ ከወገብ በታች አይቀመጥም፤ ድስቱም ጨው ማስቀመጫውም ጣሳውም በደረታቸው ትክክል በተመታ ሳንቃ ላይ ነው። ሽንኩርት ተቀምጦ ነው የሚከተፈው። ወጥ ለሁለት ቀን አንዴ ይሠራል። ውሃ በትልቅ ጀሪካን አይቀዳም፤ በሁለት ትንንሽ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው። ጎመን የታጠበበት ውሃ እግር ይታጠቡበታል፣ ከዚያ ደግሞ ደጃፍ ያለችውን ጤና አዳም ያጠጡበታል። እኔ በሆዴ «ወይ ቋጣሪ!» እል ነበር። ቋጣሪ መሆናቸውስ እውነት ነው፤ የሚቋጥሩት ምን እንደሆነ ነው ያልገባኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ራቤል ገበያ እንወርዳለን። መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ነው፤ ያውም ተሸክሞ። እሳቸው ዘንድ ገበያ ዝም ተብሎ አይኬድም። ቁርስ ሳይበላ አይወጣም፤ የራበው ሰው በዓይኑ ነው የሚገዛው ይላሉ። ገበያው ውስጥ መጀመሪያ ባዶ እጃችንን አንድ ዙር እንዞራለን፤ አንድም ነገር አይነካም፣ ዋጋ ብቻ ይጠየቃል። ሁለተኛው ዙር ላይ ነው የሚገዛው። ላምባ መጨረሻ ላይ፣ ከእህል ተለይቶ። ያን ያህል ዞረንም የምንገዛው ለሳምንት የምትበቃ ትንሽ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነው እኔን የሚያሳፍረኝ፤ የገዛነውን ገበያው ዳር ቁጭ ብለው ያራግፉታል። የባቄላ እሸት ከነገለባው፣ ሽንኩርት ከነቅጠሉ፣ በርበሬ ከነዘንጉ ወደ ቤት አይሄድም። «የምንጥለውን ነገር ዳገት ለምን እናወጣዋለን?» ይላሉ። ቅጠሉንና ገለባውን በአቅራቢያቸው ለቆመ አህያ ይሰጡታል፤ ባለቤቱ ይመርቃቸዋል። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ፣ የማውቀው ሰው እንዳያየኝ ሌላ ቦታ እቆማለሁ።

መንገዱም የራሱ ሕግ አለው። ሳይርብሽ ብዪ፣ ሳይጠማሽ ጠጪ፣ ሳይደክምሽ እረፊ። «እየሄድሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል» ይሉኛል። ዳገቱ ላይ ሦስት ማረፊያ ነበራቸው፤ ከታች ጠፍጣፋው ድንጋይ፣ መሃል ላይ የኮሶው ዛፍ፣ ከላይ አፋፉ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ የጫማቸው ክር ይፈታል፤ ተቀምጠው እስኪያስሩት ድረስ የአንድ ሰው ታሪክ ያልቃል። ኮሶው ጋ አገር ያሳዩኛል። ያየሁትን አገር ሃያ ጊዜ አሳይተውኛል። አፋፉ ላይ በሶ ይበጠበጣል። ይሄ አልበቃ ብሎ የገበሬው ሰላምታ! ዳገቱ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ይቆማል። እንደምን ዋላችሁ፣ ተማሪው ደህና ነው ወይ፣ ጎኑ የታመመው ዳይሬክተር ተሻለው ወይ፣ ዘንድሮ ውርጩ እንዴት ነው እያለ ሩብ ሰዓት ያቆመናል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል። ይሄ አገር ሥራ የለውም እንዴ እያልኩ ከእግር እግር እቀያይራለሁ። እሳቸው ግን ለሁሉም በዝግታ፣ ቃል በቃል ይመልሳሉ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ኅዳር ውስጥ ነው፣ ያን ድንች የገዛሁት። ገበያው ሊፈታ ሲል አንድ ሰውዬ ግማሽ ጆንያ ድንች ተርፎት፣ መልሼ አልሸከመውም ብሎ በወረደ ዋጋ ሰጠኝ። ደስ አለኝ። የእትዬን ትምህርት ከሳቸው አስበልጬ ያወቅሁ መሰለኝ። እሳቸው ጆንያውን አይተው «ይሄ ርካሽ የሚሆነው እዚሁ ለሚበላው ሰው ነው» አሉ። እኔ ተነጫነጭኩ። ሁልጊዜ የሳቸውን ሕግ እንደማከብር፣ አንድ ቀን እንኳ ቢያግዙኝ ምን እንደሚሆኑ፣ ሁለት ሰው በዘንግ ካንጠለጠለው ምንም እንዳልሆነ ነገርኳቸው። የዘንጉን ጫፍ ያዙ።

ደመና ይዞ ስለነበር ቸኮልኩ። ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ዛሬስ እንለፈው አልኩ፤ አለፍነው። የሚያነጋግረንን ሰው ሁሉ ጆንያውን እያሳየሁ ሸኘሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም ኮሶው ጋ ስንደርስ ከኋላዬ ዘንጉ ወደቀና ድንቹ ዳገቱን ተንከባለለ። ተናድጄ ዞር አልኩ። እትዬ አስካለ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ፊታቸው አመድ ሆኗል፣ አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ አየር ይስባሉ ግን የሚገባላቸው አይመስልም። ጮህኩ። ከገበያ የሚመለሱ ወንዶች ከታች ሮጠው መጡ። ደምሴ ከነሱ አንዱ ነበር፤ ያኔ ገና ዘበኛ አልሆነም። እሱም እንዳየ ወደ መንደሩ አቅጣጫ ተጣራ፤ «ወሳንሳ! ወሳንሳ አምጡ!» አለ።

እትዬ ያን ስም ሲሰሙ እጄን ያዙኝ። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ጥፍራቸው ገባብኝ። እየተቆራረጠ ነው የተናገሩት።

«ወሳንሳ እንዳይመጣ። ወለምታ ነው በያቸው። እግሬን ነው በያቸው።»

«ቢሞቱብኝስ?» አልኳቸው።

«አልሞትም። ጊዜ ብቻ ስጪኝ።»

ምን ማድረግ ነበረብኝ? እስከ ዛሬ አላውቀውም። ቆምኩና ለወንዶቹ ዋሸሁ። እግራቸው ወለም ብሏቸው ነው፣ እኔ ደንግጬ ነው የጮህኩት፣ ትንሽ ካረፉ ይሄዳሉ አልኩ። ደምሴ እግራቸውን አየ፣ ፊታቸውን አየ፣ እኔንም አየኝ። «ወለምታ ከሆነማ ይሻላቸዋል» አለና ሰዎቹን ድንቹን አስለቀማቸው። በየጋቢያቸው ተካፍለው ይዘውልን ወጡ። እኛ እዚያው ኮሶው ሥር ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጥን።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ነገሩኝ። በልጅነታቸው ጉሮሯቸውን በተደጋጋሚ ያማቸው ነበር፤ ከዚያ ወደ ልብ ገባ። ሐኪም የልብሽ በር በቅጡ አይገጥምም ብሏቸዋል። መጀመሪያ የጣላቸው መርሐቤቴ ውስጥ ወጣት አስተማሪ ሆነው ነው፤ እንዲህ ኅዳር ላይ፣ አጨዳ መሃል። የመንደሩ ወንድ ማጭዱን ጥሎ በወሳንሳ ተሸክሟቸው፣ ወንዝ አሻግሮ ሙሉ ቀን ሄዶ ዓለም ከተማ ሐኪም ቤት አደረሳቸው። እሳቸው ተረፉ። ያን ጊዜ ግን ያለ ወቅቱ ዝናብ ወርዶ፣ ታጭዶ ሜዳ ላይ የቀረውን ገብስ መታው፤ ነዶው እንዳለ በቀለ። ሲመለሱ ሁሉም «እንኳን ተረፉልን» አላቸው፤ የወቀሳቸው አንድም ሰው የለም። ክረምት ሳይደርስ ተማሪዎቻቸው ረኃብ እያንጎላጃቸው ወንበር ላይ ሲተኙ አዩ። «ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። «ደግሜ በቁሜ የሰው ትከሻ ላይ አልወጣም ብዬ ማልኩ። የምሸከመውን አሳነስኩ፣ የምራመደውን አሳነስኩ፣ ይኸው ሃያ ዓመት ኖርኩ።»

ሜዳ ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ለምን አይቀየሩም አልኳቸው። ቅያሬ ለመጠየቅ በሽታውን መናገር አለባቸው፤ ከተናገሩ ደግሞ በሕክምና ማስረጃ ያሰናብቷቸዋል፤ ከዚያ ማን ጋ ሄደው፣ ማን ላይ ይወድቃሉ? እስከ ጡረታቸው በእግራቸው መሥራት ነው የሚፈልጉት። ከዚያም ማንንም ሳያስቸግሩ መሞት። ሌላ ነገር ከእግዚአብሔር አልለመኑም።

ያኔ ነው ቤቱ ሁሉ የገባኝ። መጥረጊያው፣ ሳንቃው፣ ትንንሾቹ ጀሪካኖች፣ የሽንኩርቱ ቅጠል፣ የጫማው ክር። ሴትዮዋ ቋጣሪ ነበሩ፤ የሚቋጥሩት ትንፋሻቸውን ነው። እኔ ደግሞ በአንድ ጆንያ ድንች ልገድላቸው ነበር። ድንቹን ጎረቤት ሁሉ በላው፤ እኔ ግን አንድም አልቀመስኩ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሰነፏ እኔ ሆንኩ። ሰው ካለ ድንጋዩ ጋ ስንደርስ «ኧረ ደከመኝ» የምለው እኔ ነኝ፤ ቀድሜ ቁጭ የምለው እኔ ነኝ። እሳቸው «ምን ዓይነት ልጅ ነው የሰጡኝ!» እያሉ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ስንት ዳገት በኔ ስም አረፍን! ነገሩ ግምገማ ድረስ ደረሰ። በዚያ ዘመን ግምገማ የማይነካው ነገር የለም፤ አንዱ መምህር ተነሥቶ ወላጅ ጥየቃ ስንወጣ እትዬ አስካለ ያሉበት ቡድን ሁሌ እየዘገየ ነው፣ ምክንያቱ ይጣራ አለ። እትዬ ፊታቸው ተለዋወጠ። እጄን አወጣሁና የማዘገያቸው እኔ ነኝ፣ ዳገት አልወድም፣ ራሴን አርማለሁ አልኩ። «ተነሣሽነት የጎደላት» ተብዬ ተጻፈብኝ። የደረጃ እድገቴም በዚሁ ሰበብ አንድ ዓመት ቆየ። ቤት ስንገባ እትዬ ተቀምጠው ሽንኩርት ከተፉ። ዓይናቸውን የጠረጉት በሽንኩርቱ አመካኝተው ነው።

የጡረታ ወረቀታቸውን ሊያመጡ በእግራቸው ሄደው፣ በእግራቸው ተመለሱ። እኔም በዚያው ዓመት አግብቼ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ስሄድ ያንን ደህና ቤት ለቀው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተደግፋ በተሠራች፣ ጣራዋ ዝቅ ባለች እርጥብ ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። ተናደድኩ። ከኔ ጋር ይሁኑ፣ ከተማው ሜዳ ነው፣ ሐኪም አለ፣ ልጆቼ ይጦሩዎታል ብዬ ለመንኩ፤ ከዚያም ተቆጣሁ። ረጅሙን መጥረጊያ ተደግፈው ሰሙኝና «ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ አርባ እርምጃ ነው» አሉ። ለቅዳሴው ነው ብዬ ተውኩት። ተቀይሜ ነበር የወጣሁት፤ በደንብ እንኳ አልሳምኳቸውም። ይሄ ይቆጨኛል። ሰው መቼ እንደሚያልቅ ቢነገረን ምን ነበረበት?

ደምሴ መልሶ የደወለው ቅዳሜ ነው፤ ራቤል ገበያ ወርዶ። ያኛው ቀን ጥያቄዬ ደርሶት ነበርና ከዚያው ጀመረ። በቁማቸው ወሳንሳ አልመጣም አለኝ። ቤታቸውን ጠርገው፣ መጥረጊያውን ቦታው መልሰው፣ መከተፊያውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ተቀምጠው ነው የተገኙት። ለቄሱም አስቀድመው ቃል ትተዋል፤ ሞቴ አጨዳ ላይ ከሆነ ሰው አታስቁሙ፣ ከደጃፌ እስከ መቃብሬ አርባ እርምጃ ነው፣ አራት ሰው ይበቃል ብለው።

ለካ ቤቱን የመረጡት ለዚህ ነው። እኔ ስቆጣቸው፣ እሳቸው የሬሳቸውን መንገድ እያሳጠሩ ነበር። አልቻልኩም፤ ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

«እና አራት ሰው ወሰዳቸው?» አልኩት።

«አገር ነው የወጣው» አለ። «አጨዳው መሃል ማጭድ የያዘ ሰው አልነበረም። ቄሱ ኑዛዜያቸውን ሲነግሩን፣ አባ፣ ሬሳ ሰባት ቦታ አርፎ ጸሎት ሳይደረስለት ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ አርባ እርምጃ ውስጥ ሰባት ማረፊያ የት ይገኛል አልናቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን አንሥተው ከፊት ሆኑ። እትዬን ወሳንሳው ላይ አድርገን ወደ ዳገቱ ወሰድናቸው።»

ቆጠረልኝ። ሲወርዱ አፋፉና ኮሶው ጋ አሳረፏቸው። ከታች ድንጋዩ ጋ አሳረፏቸው። መልሰው ሲያወጧቸው ኮሶው ጋ፣ አፋፉ ላይ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ በር፣ ሰባተኛው ቤተ ክርስቲያኑ በር። በትከሻው ያልተሸከማቸው ወንድ የለም አለኝ፤ ሽማግሌው ሁሉ ተራ ስጡኝ እያለ ሲጣላ ነበር።

አጨዳው እንዴት ሆነ አልኩት፤ እሳቸው ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። በማግስቱ ጀመርነው፣ ሰማዩ ደህና ነው አለኝ። ከዚያ «ያን ቀን ወለምታ እንዳልነበር እናውቅ ነበር እኮ፣ እትዬ ጽጌ» አለ። «ዳገቱ ላይ ስናገኛችሁ ቆመን ስለ ውርጩ፣ ስለ ዳይሬክተሩ ጎን የምናወራው ሥራ አጥተን ይመስልዎ ነበር? ቁጭ ይበሉ ብንላቸው ይከፋቸዋል። እና አሁን ወደ ዳገቱ የወሰድናቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይደክማቸው ይውጡት ብለን ነው።»

ነፍስ ይማር ያልኩት ያኔ ነው።